ለቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ እንዴት ይመረጣል? ከልኬት እስከ ጽዳት

ማጣሪያ ሲገዛ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በሣጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፦ «በሰዓት 800 ሊትር»፣ «በሰዓት 1200 ሊትር»። ይህ ቁጥር የፓምፑን ጉልበት ይናገራል እንጂ ማጣሪያው ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚችል አይናገርም። ጥሩ ማጣሪያ በቂ የባክቴሪያ ማደሪያ አለው፣ ኦክስጅን የያዘ ውሃ ሳያቋርጥ ያልፍበታል፣ ባለቤቱም ሳይሰለች ያጸዳዋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ የተከፈለበት ዋጋ ስንትም ቢሆን ዓሣዎቹ ይጎዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ይለካል፣ ቀጥሎ የዓሣዎቹ ጠባይ ይታያል፣ ከዚያ የማጣሪያው ዓይነት ይመረጣል። ሞዴልና ዋጋ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ የምንናገረው ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ስለሚሞላ ገንዳ ብቻ ነው።

ማጣሪያው የሚሠራው ሥራ

ብዙ ሰው ማጣሪያን እንደ ወንፊት ያስበዋል። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደለል መያዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዓሣ የሚገድለው የሚታየው ቆሻሻ ሳይሆን የማይታየው ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል ያለማቋረጥ አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብ፣ እዳሪና የበሰበሰ ቅጠልም አሞኒያ ይጨምራሉ። በማጣሪያው ውስጥ ባሉት በስፖንጁና በሴራሚኩ (ቀዳዳ በበዛበት የሸክላ ቁራጭ) ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። (ለረጅም ጊዜ ሁለቱን እርምጃዎች የግድ የተለያዩ ባክቴሪያዎች እንደሚሠሩ ይታመን ነበር፤ ሁለቱንም ብቻቸውን የሚሠሩ የናይትሮስፓይራ ዝርያዎች መኖራቸው የታወቀው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።)

አሞኒያም ናይትራይትም በመለኪያ 0 ሊያሳዩ ይገባል። ናይትሬት እስከ 20 ሚሊ ግራም በሊትር ቢደርስ ችግር የለውም፤ ወደ 40 ሲጠጋ ውሃ መቀየር ያስፈልጋል። ናይትሬትን ተራ ማጣሪያ አያወጣውም። የሚቀንሰው በውሃ ቅየራና በተክሎች ነው፤ «ይህን ማጣሪያ ከገዙ ውሃ መቀየር ይቀራል» የሚል ማስታወቂያ ካዩ አይመኑት።

የአሞኒያ ጉዳት በውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካላይነቱ መለኪያ) ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፒኤች 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ካለው ጠቅላላ አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ሲሆን 5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ፒኤቹ ከፍ ያለ ውሃ ያለው ሰው በማጣሪያ መቆጠብ የለበትም።

ሌላው ኦክስጅን ነው። ባክቴሪያዎቹ 1 ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅንን እስከ ናይትሬት ለማድረስ 4.5 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈጃሉ። ውሃ ደግሞ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ በ20 ዲግሪ 9 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ የነበረው በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ማጣሪያ መቆም የሌለበት፣ መውጫውም የውሃውን ገጽ ማንቀሳቀስ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ፦ ትክክለኛውን የውሃ መጠን ይለኩ

ገንዳው የሚሸጥበት ሊትር ከውጭ በኩል የተለካ ነው። 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 112 ሊትር ይባላል። መስታወቱ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የውስጡ ርዝመት 78.8፣ ወርዱ 33.8 ነው። ውሃው እስከ 36 ሴንቲ ሜትር ቢሞላና ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ቢኖር ከጠጠሩ በላይ ያለው የውሃ ቁመት 31 ይሆናል። 78.8 በ33.8 በ31 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 82.6 ሊትር ይመጣል። በጠጠሩ መካከል የሚገባው ውሃ ጥቂት ሊትር ይጨምራል፣ ድንጋይና እንጨት መልሰው ይቀንሳሉ። ባጭሩ 85 ሊትር ገደማ ነው።

ለማጣሪያ ምርጫ 112 ብሎ ማሰብ ብዙ አይጎዳም፤ ከፍ አድርጎ መገመት ነውና። ጉዳቱ የሚመጣው በዚያው ቁጥር ዓሣ ሲጨመርና መድኃኒት ሲለካ ነው። አንዴ በትክክል ለክተው ቁጥሩን በገንዳው ጎን ላይ ይለጥፉት።

ሁለተኛ፦ የዓሣዎቹን ቆሻሻና ጠባይ ይመዝኑ

ማጣሪያው ውሃውን በሰዓት ስንት ጊዜ ያዙረው የሚለው በነዋሪዎቹ ይወሰናል። ኒዮን ቴትራ፣ ጉፒ፣ ፕላቲ፣ ኮሪዶራስና መሰል ትንንሽ ዓሣዎች በልክ ለሚኖሩበት ገንዳ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይበቃል። ጎልድፊሽ፣ ትልልቅ ሲክሊድና ፕሌኮ ብዙ ይበላሉ፣ ብዙ ያቆሽሻሉ፤ ለእነሱ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ያስፈልጋል። ለቤታ፣ ለሽሪምፕና ለጫጩት ዓሣ ከ2 እስከ 3 ጊዜ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ወራጅ ያደክማቸዋል።

የቤታ ክንፍ ረጅም ስለሆነ ብርቱ ወራጅ እንደ ሸራ ይገፋዋል፤ ዓሣው ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ምግብ ለማንሣት እንኳ ይሰንፋል። ጎራሚና ኤንጀልፊሽም የተረጋጋ ውሃ ይወዳሉ። ዳኒዮ ግን በወራጅ ውስጥ ሲሽቀዳደም ይውላል። በአንድ ገንዳ ሁለቱም ዓይነት ካለ፣ መውጫው ላይ ባለ ብዙ ቀዳዳ ቱቦ ገጥመው ኃይሉን ይበትኑት፤ በገንዳው ተቃራኒ ጥግም በተክል ወይም በእንጨት ጸጥ ያለ መጠለያ ይሥሩ።

ወደፊት የሚመጣውንም አብረው ያስቡ። ዛሬ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎልድፊሽ አድጎ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ማጣሪያው የሚመረጠው ላደገው ዓሣ ነው።

ሦስተኛ፦ የሣጥኑን ቁጥር ወደ እውነተኛ ቁጥር ይቀይሩ

አምራቾች ፍሰቱን በአብዛኛው የሚለኩት ማጣሪያው ባዶ ሆኖ፣ ስፖንጅና ሴራሚክ ሳይገባበት ነው። ዕቃው ሲሞላ ፍሰቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል፤ ስፖንጁ ሲቆሽሽ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። ከላይ ላለው 85 ሊትር ገንዳ በሰዓት 5 ጊዜ ማለት 425 ሊትር እውነተኛ ፍሰት ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ላይ ከ650 እስከ 800 የሚል ይፈልጉ።

በቤትዎ ያለውን ማጣሪያ መለካት ቀላል ነው። የመውጫ ቱቦውን ጫፍ በውሃው ገጽ ከፍታ ላይ እንዳለ ይዘው 1 ሊትር ዕቃ ይሙሉና ሰከንዱን ይቁጠሩ። 3600ን በሰከንዱ ያካፍሉ። በ8 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 450 ሊትር ነው። ማጣሪያው አዲስ ሲሆን ይህን ቁጥር መዝግበው ያስቀምጡት፤ በኋላ ግማሽ ሲደርስ የጽዳት ጊዜ መድረሱን ይነግርዎታል።

ሁለት ነገሮች ቁጥሩን ያዛቡታል። አንዱ ከፍታ ነው። ከገንዳው በታች በተቀመጠ ክፍት ሳምፕ (ማጣሪያውን የሚይዝ ሁለተኛ ገንዳ) ውስጥ ያለ ፓምፕ ውሃውን ሙሉውን ከፍታ ማንሣት አለበት፤ ስለዚህ ሲገዛ ሣጥኑ ላይ ያለው ከፍተኛ ፍሰት ሳይሆን በዚያ ከፍታ ላይ የሚሰጠው ፍሰት መታየት አለበት። ዝግ የሆነው ካኒስተር (ከገንዳው ሥር የሚቀመጥ ባልዲ መሰል ማጣሪያ) ግን በሚወርደውና በሚወጣው ቱቦ ያለው ውሃ እርስ በርሱ ስለሚመዛዘን ፓምፑ የሚታገለው ከመተሻሸት ጋር ብቻ ነው። ቱቦውን አጭርና ያልተጣመመ ማድረግ ብዙ የሚረዳው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ነው፤ የተለመዱት ባለ ማግኔት ፓምፖች በ60 ኸርዝ ተለክተው በ50 ኸርዝ ሲሠሩ ፍጥነታቸው በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ለአንዱ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። ቮልቱንና ኸርዙን ከፓምፑ ገላ ላይ ያንብቡ።

አራተኛ፦ ዓይነቱን ይምረጡ

ስፖንጅ ፊልተር። እስከ 60 ሊትር ላለ ገንዳ፣ ለሽሪምፕ፣ ለጫጩት ማሳደጊያና ለታመመ ዓሣ ማቆያ ከዚህ የተሻለ የለም ብለን እናምናለን። አየር በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ውሃውን ይዞ ይነሣል፤ በእሱ ቦታ በስፖንጁ በኩል ሌላ ውሃ ይገባል። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ የሚበላሽም፣ ጫጩት የሚስብም የለም። አረፋው የውሃውን ገጽ ስለሚያናውጥ ኦክስጅንም አብሮ ይገባል። የአየር ፓምፑ የሚፈጀው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዋት ብቻ ነው። ጉድለቱ ቦታ መያዙ፣ የአረፋው ድምፅና ደቃቅ ደለልን አጥርቶ አለመያዙ ነው።

ጥራቱን የሚለዩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የአየር ቱቦው ጫፍ ላይ ትንሽ የአየር ድንጋይ ሲገባ አረፋው ይደቅቃል፣ ድምፁ ይቀንሳል፣ የሚነሣው ውሃም ይጨምራል። የመውጫ ቱቦው እስከ ውሃው ገጽ ድረስ ቢረዝም የማንሣት ኃይሉ ያድጋል፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ አጭር ሆነው ስለሚመጡ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ቱቦ ቆርጦ መቀጠል ይቻላል። የአየር ፓምፑ ከውሃው ገጽ በታች የሚቀመጥ ከሆነ በቱቦው መሐል ውሃ የሚያግድ ቫልቭ የግድ ነው፤ ከሌለ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ ወለልም ያጥለቀልቃል። ቫልቩን ከመግጠምዎ በፊት በአፍዎ ይንፉት፤ አየር የሚያሳልፈው አቅጣጫ ወደ ገንዳው መሆን አለበት። ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ስፖንጅ ማስገባት ይሻላል፤ በየተራ ሲጸዱ አንደኛው ሁልጊዜ ባክቴሪያውን እንደያዘ ይቆያል።

የውስጥ ማጣሪያ። ፓምፑና ስፖንጁ በአንድ ዕቃ ሆነው በመስታወቱ ላይ በመምጠጫ ጎማ የሚለጠፈው ነው። ከ40 እስከ 100 ሊትር ላለ ገንዳ ያገለግላል፣ ለመትከል 5 ደቂቃ አይፈጅም፣ ውሃ ወደ ውጭ ስለማይወጣ ቤት አያጥለቀልቅም። ማደሪያው ግን ጠባብ ነው። ለማጽዳት ሲነሣ የያዘውን ቆሻሻ መልሶ ገንዳው ውስጥ ይረጫል፤ ከማንሣትዎ በፊት ፓምፑን አጥፍተው ከሥሩ የፕላስቲክ ከረጢት ወይም ሳህን ያስገቡ፣ ከነውሃውም ያውጡት።

ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ማጣሪያ። ከ40 እስከ 150 ሊትር ላለ ገንዳ ለጀማሪ የምንመክረው ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ሁሉ ነገር በእጅ ይደረስበታል። ትልቁ ችግሩ አብሮት የሚመጣው ካርትሪጅ ነው። መመሪያው በየወሩ ጣሉና አዲስ ግዙ ይላል፤ ያንን ያደረገ ሰው በየወሩ ባክቴሪያውን አብሮ ይጥላል፣ ከዚያ ውሃው ለምን ነጭ እንደሚሆን ይጨነቃል። ካርትሪጁን ትተው በቦታው ልክ የተቆረጠ ሸካራ ስፖንጅ፣ ከኋላው በመረብ የታሰረ ሴራሚክ ያስገቡ፤ ሁለቱም ዓመታት ያገለግላሉ። የውሃው ከፍታ ከወረደ ማጣሪያው እንደ ፏፏቴ ይጮኻል፣ አየርም ይስባል። ሞተሩ ከውሃው ገጽ በላይ የሆነ ሞዴል መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ውሃ ሳይኖረው በደረቁ ሊሽከረከር ይችላል፤ ሞተሩ ውሃ ውስጥ የጠለቀውን ዓይነት ቢመርጡ ይህ ስጋት ይቀራል። ከመግዛትዎ በፊት በገንዳውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፣ ክዳኑም ከኋላ ክፍት ቦታ ይኑረው።

ካኒስተር። ከ120 ሊትር በላይ ላለ ገንዳ፣ ተክል ለበዛበትና ለሚያቆሽሹ ዓሣዎች ተመራጭ ነው። ባልዲ የመሰለ ዝግ ዕቃ ሆኖ ከገንዳው ሥር ይቀመጣል፤ ብዙ ሊትር ማጣሪያ ዕቃ ይይዛል፣ ውሃው ሁሉ ተገዶ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ሲገዛ መታየት ያለበት የሚከተለው ነው፦ ቱቦዎቹን ውሃ ሳይፈስ የሚያላቅቅ ቫልቭ አለው ወይ? ውሃ ለመሙላት መግፊያ አለው ወይስ ቱቦውን በአፍ መሳብ ያስፈልጋል? ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ባለ ማግኔት መዘውር)፣ ዘንጉና የክዳኑ ጎማ ቀለበት ለብቻቸው ይሸጣሉ ወይ? መለዋወጫ የማይገኝለት ካኒስተር አንድ ጎማ ሲያረጅ ሙሉ በሙሉ ይጣላል። የክዳን መቆለፊያዎቹን ከፍተው ዘግተው ይሞክሯቸው፤ ቀጭን ፕላስቲክ ከሆኑ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

የካኒስተር ደካማ ጎን ዓይን የማያየው መሆኑ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ወራት ሳይከፈት ይቆያል፤ ደለሉ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ናይትሬቱም ይጨምራል። የመምጠጫው ጫፍ ላይ ሸካራ ስፖንጅ ማልበስ ይህን ችግር በግማሽ ያቃልላል፦ ትልቁ ቆሻሻ ውጭ ይቀራል፣ ስፖንጁ በየሳምንቱ በአንድ ደቂቃ ይጨመቃል፣ ጫጩትና ሽሪምፕም አይሳቡም።

የስፖንጅ ግድግዳ። ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ የገንዳውን አንድ ጎን ሙሉ ዘግቶ ይቆማል፤ ከኋላው በአየር ወይም በትንሽ ፓምፕ ውሃ ይነሣል። ለአርቢዎች ድንቅ ነው፤ ለወራት ሳይነካ ይሠራል። ውሃው በስፖንጁ ውስጥ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ማለፍ አለበት። 30 በ30 የሆነ ስፖንጅ 900 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ በደቂቃ 7 ሴንቲ ሜትር ቢታሰብ 6.3 ሊትር በደቂቃ ወይም በሰዓት 378 ሊትር ማለት ነው። ፓምፑን ከዚያ አብዝቶ ማጠንከር ስፖንጁን ያጎብጠዋል፣ ቶሎም ይደፍነዋል።

ከጠጠር በታች የሚነጠፈው ማጣሪያ አሮጌ ዘዴ ነው፤ ደለሉ ከሥሩ ስለሚከማች፣ የተክል ሥርም ስለሚያውከው ለአዲስ ገንዳ አንመክረውም። ሳምፕ ደግሞ ከ300 ሊትር በላይ ላሉት ነው። ሳምፕ ያሰበ ሰው መብራት ሲጠፋ ወደ ታች የሚመለሰውን ውሃ አስቀድሞ ያስላ፦ 120 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ገጹ በ3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢወርድ 18 ሊትር ነው፤ በቱቦው ያለው ይጨመርበታል። ሳምፑ ሁልጊዜ ያን ያህል ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ከ200 ሊትር በላይ ለሆነ ገንዳ አንድ ግዙፍ ማጣሪያ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መግዛትን እናስቀድማለን። አንዱ ሲቆም ሌላው ዓሣውን ያቆያል።

አምስተኛ፦ ውስጡን ይሙሉ

ውሃው መጀመሪያ ሸካራውን፣ ቀጥሎ ደቃቁን፣ ከዚያ የባክቴሪያ ማደሪያውን ማግኘት አለበት። በብዙ ካኒስተሮች ውሃው ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ ሸካራው ስፖንጅ ከታችኛው ቅርጫት ይገባል፤ ይህን ገልብጠው የሚሞሉ ሰዎች ሴራሚካቸው በጭቃ ተደፍኖ ያገኙታል። የእርስዎ ሞዴል ውሃው በየት እንደሚገባ መመሪያውን አይተው ያረጋግጡ።

ስፖንጅ የሚለካው በአንድ ኢንች ርዝመት ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ከ20 እስከ 30 ያለው ለሁሉም ሥራ ይሆናል። 45 የሆነው ውሃውን ያጠራል፣ ግን በቶሎ ይደፈናል። ነጭ ጥጥ መሰሉ ሰው ሠራሽ ክር ደቃቁን ደለል ይይዛል፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት የሚጣል ስለሆነ ለባክቴሪያ አይታሰብም። ከሴራሚክ ቀለበትና ከሌሎች ውድ ማደሪያዎች ጋር በሚመጡት ግዙፍ የስፋት ቁጥሮች አይደነቁ፤ ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች በዝልግልግና በደለል ይሞላሉ፣ ውስጣቸውም ኦክስጅን አይደርስም። ተራ ሸካራ ስፖንጅ ብቻውን ብዙ ባክቴሪያ ይችላል፤ ገንዘብ ካነሰ ሙሉ ካኒስተሩን በስፖንጅ መሙላት ምንም ነውር የለውም። በስፖንጁና በቅርጫቱ ግድግዳ መካከል ክፍተት ካለ ውሃው በዚያ ሾልኮ ሳይጣራ ይመለሳልና በልኩ ይቁረጡት።

የነቃ ካርቦን ዘወትር መኖር የለበትም። የእንጨት ቀለምን፣ ሽታንና ሕክምናው ሲያልቅ የተረፈ መድኃኒትን ያወጣል፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ አቅሙ ያልቃል። በሕክምና ላይ እያሉ ግን ያውጡት፤ መድኃኒቱን ይወስደዋል። ዜኦላይት የተባለው ማዕድን አሞኒያ ይይዛል፤ ለአስቸኳይ ጊዜ ጠቃሚ ነው፣ ሆኖም ገንዳው ውስጥ ጨው ከገባ የያዘውን መልሶ ይለቃል።

ተከላና ማብሰል

ዕቃውን ሁሉ በንጹሕ ውሃ፣ ያለ ሳሙና ያጠቡ። የክዳኑን ጎማ ቀለበት በሲሊኮን ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ተጠምዝዞ እንደገና ወደ ላይ ይሂድ፤ በገመዱ የሚንጠባጠብ ውሃ ከታችኛው መታጠፊያ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ካኒስተሩን ውሃ ሳይሞላ ፈጽሞ አያስነሡ። ካስነሡት በኋላ በየአቅጣጫው ዘንበል እያደረጉ የታመቀውን አየር ያስወጡ፣ በሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፈው አንድ ሌሊት ይመልከቱ፤ ትንሿ ፍሳሽ እንኳ ወረቀቱ ላይ ትታያለች።

አዲስ ማጣሪያ ገና ባዶ ቤት ነው፤ ባክቴሪያ እስኪሞላው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ማብሰል የምንለው ይህን ነው። ዓሣ ሳይገባ የሚደረገው ዘዴ ለእንስሳቱ የሚራራ ነው። ውሃውን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያድርጉ፣ ክሎሪኑን በማስወገጃ ያጥፉ፣ ሽቶና ሳሙና የሌለበት አሞኒያ እስከ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ይጨምሩ (ጠርሙሱ ሲናጥ አረፋ ከቆየበት ሳሙና አለው ማለት ነው)። በየ2 ቀኑ ይለኩ፤ አሞኒያው ሲያልቅ መልሰው ይጨምሩ። የጨመሩት 2 ሚሊ ግራም በ24 ሰዓት ውስጥ አልቆ አሞኒያም ናይትራይትም 0 ሲያሳዩ ገንዳው በስሏል። ናይትሬቱ እንዲቀንስ ብዙውን ውሃ ቀይረው ዓሣውን በጥቂት በጥቂቱ ያስገቡ።

ከጤነኛ አሮጌ ገንዳ የተወሰደ ስፖንጅ ይህን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥረዋል። ከአሮጌው ማጣሪያ ከሲሶው በላይ አይውሰዱ፣ በመንገድም አይድረቅ። ማጣሪያ የሚቀይሩ ከሆነ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ከ4 እስከ 6 ሳምንት አብረው ያሠሩት፤ አሮጌው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጽዳት

ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነው። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ባክቴሪያውን ይገድላል። ሦስት አራት ጊዜ ጨምቀው ቡናማው ጭቃ ሲቀንስ ይተውት፤ እንደ አዲስ እስኪነጣ መታሸት የለበትም። የስፖንጅና የውስጥ ማጣሪያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ካኒስተር ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል፤ ከቀኑ ይልቅ ግን የለኩት ፍሰት ይምራዎት። ስፖንጁንና ሴራሚኩን በአንድ ቀን አያጽዱ። ኢምፔለሩን በ3 ወር አንዴ አውጥተው የሚሽከረከርበትን ጉድጓድ በትንሽ ብሩሽ ያጽዱ፤ ብዙ «ተቃጠለ» ተብሎ የሚጣል ፓምፕ በዝልግልግ የተያዘ ብቻ ነው።

ሲበላሽ

ፍሰቱ ቀንሶ ስፖንጁ ንጹሕ ከሆነ ቱቦውን ይዩ፤ ውስጡ በሚያድገው ዝልግልግ ይጠባል፣ በረጅም ተጣጣፊ ብሩሽ ይጠረጋል። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ አየር ወይም አሸዋ ነው፤ አየሩን አስወጥተው ካልቆመ የኢምፔለሩ ዘንግ ተበልቷል። አዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ ሆኖ ቢደፈርስ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አሞኒያውን እየለኩ ይጠብቁ፣ ምግብ ይቀንሱ፣ ማጣሪያውን አይንኩ። ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ጥፋቱ የማጣሪያው አይደለም፤ የብርሃንና የምግብ ብዛት ነው።

በውሃው ገጽ ላይ የቅባት መሰል ሽፋን ከተጋረደ መውጫው በጣም ጠልቋል፤ ገጹ በስሱ እስኪሞገድ ከፍ ያድርጉት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለተክል የሚጨመርበት ገንዳ ግን ብዙ መናወጥ አይፈልግም፤ ጋዙ ያመልጣልና።

መብራት ሲጠፋ በጣም የሚጎዳው ዝጉ ካኒስተር ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ያልቃል፣ ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል፣ ውሃውም ይሸታል። መጥፋቱ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ካለፈ መብራት እንደመጣ ወዲያው አያስነሡት። ሶኬቱን ነቅለው ክዳኑን ይክፈቱ፣ ውስጡ የቆየውን ውሃ ይድፉ፣ ዕቃውን በገንዳው ውሃ ለቅለቅ አድርገው መልሰው ያስነሡ። ቶሎ እንደማይመጣ ካወቁ ቅርጫቶቹን አውጥተው ገንዳው ውስጥ ያስቀምጧቸው፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካለ አረፋውን ከአጠገባቸው ያድርጉ። በዚያን ቀንና በማግስቱ ዓሣዎቹን አይመግቡ፤ አሞኒያም ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይለካ።